አክስቴ ሳትቀዳ የተመለሰች ቀን

አክስቴ ሰኞ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። አንደበቷ የተባረከ ነው። ያየችውን ስትነግርህ መንገዱን፣ ሰውየውን፣ የዕለቱን ጉም ሳይቀር ዓይንህ ላይ ታመጣዋለች። ለኤአይ የሚሆን የአማርኛ ድምፅ የሚሰበስብ ቡድን ደሴ መጥቶ እኔም በመረጃ ሰብሳቢነት ስቀጠር፣ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት። ሻሿን አስተካክላ፣ ዕቃዋን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ መጣች።

ተራዋ ደርሶ ገባች። ታብሌቱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ወጣ። «እሱን ያንብቡልን፣ እናቴ» አሏት። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። «ማንበብ ካልቻሉ አይሆንም» ተባለች። በትሕትና ነው የተነገራት፤ ቢሆንም ያው መመለስ ነው። ከገበያዋ የቀረችበትም፣ ለባጃጅ ያወጣችውም ሳይከፈላት ወጣች። እኔ አንገቴን ደፋሁ። «አብሽር፣ ምን ሆነ?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። ስልክን በንግግር ማዘዝ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ማንን ነው? መጻፍ ለሚችል ሰው ኪቦርድ አለለት። ንግግር የሚያስፈልገው ለአክስቴ ነው። እሷን ከበር የሚመልስ ጥናት ታዲያ ማሽኑን የማንን ንግግር እያስተማረው ነው?

ነገሩ ከምን እንደመጣ ላስረዳ። ማሽን ንግግር መስማት የሚማረው ሁለት ነገር አጣምሮ ነው። አንዱ የተቀዳው ድምፅ ነው። ሌላው የዚያ ድምፅ ጽሑፍ ነው። ሁለቱን በብዛት ሲያገኝ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ፊደል ጋር እንደሚሄድ ይለምዳል። ከባዱ ሥራ ጽሑፉ ነው። ሰው እንደልቡ ያወራውን አንድ ሰዓት ድምፅ ጽፎ ለመጨረስ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። እያቆሙ፣ እየመለሱ፣ ደግመው እየሰሙ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ፕሮጀክቶች አቋራጭ ይይዛሉ። ጽሑፉን ቀድመው ያዘጋጁና ሰው ያነብላቸዋል። ድምፁ ተቀድቶ ሲያልቅ ጽሑፉም በእጃቸው ነው።

በአማርኛ ብዙ የተሠራበት የንግግር ክምችት የተሰበሰበው በዚህ መንገድ ነው። ሰለሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት ነው። 20 ሰዓት ያህል ንግግር፣ 10,850 ዓረፍተ ነገር፣ 100 አንባቢ። ዓረፍተ ነገሮቹ ከዜና የተወሰዱ ናቸው። ከመቶው አንባቢ 80ዎቹ የአዲስ አበባ አነጋገር ያላቸው ናቸው። የቀሩት 20ዎቹ ለጎጃም፣ ለጎንደር፣ ለወሎና ለመንዝ ይከፋፈላሉ። ይህን የምጽፈው ሰዎቹን ለመንቀፍ አይደለም። ብዙ ሰው ባልነካው ጊዜ ጀመሩት፤ የወሎን አነጋገር ለይተው መቁጠራቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን የወሎ ድርሻ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር እዩት።

ከዚያ በኋላ የመጡት ትልልቆቹ ክምችቶችም በአብዛኛው ንባብ ናቸው። ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረው ኮመን ቮይስ ላይ ማንም ሰው ገብቶ ያነባል፤ ሌሎች ሰምተው ያጸድቃሉ። ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ1,100 በላይ ቋንቋዎችን የሚሰማ ሞዴል (የሠለጠነ ማሽን) ሲያወጣ ዋናው ምንጩ የአዲስ ኪዳን ንባብ ነበር። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ፍሉርስ የተባለ የድምፅ ክምችት 102 ቋንቋ ይዟል፤ አማርኛም አለበት። የፍሉርስ ዓረፍተ ነገሮች ግን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ከዊኪኒውስ፣ ከዊኪጁኒየርና ከዊኪቮዬጅ ተወስደው ነው የተተረጎሙት። ደሴ ሸዋበር ሰፈር ላይ ቆሞ እንደዚያ የሚያወራ ሰው አላውቅም።

ንባብ የሚያስቀረው ያልተማረውን ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ግማሽ በሆነ። የተማረውንም ይለውጠዋል። ቀረጻ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ነው። ደጅ ወረፋ ሲጠብቅ «ተኮምቦልቻ ነው የመጣሁ» ብሎ ሲጫወት የነበረ ወጣት፣ ታብሌቱን ሲይዝ ወዲያው ዜና አንባቢ ይሆናል። ድምፁ ይወፍራል። ቃላቱን አንድ በአንድ ይለቃቸዋል። ጽሑፉ «ከኮምቦልቻ» ስለሚል «ከኮምቦልቻ» ይላል። ያ «ተ» ቀረ ማለት ነው። «እንትን» ቀረ። «በቃ ምን ልበልህ» ቀረ። ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ሳይጨርሰው ሌላ መጀመር፣ ራስን ማረም፣ መሳቅ፣ ሁሉም ቀረ። መዝገቡ ላይ ግን «ቦታ፦ ደሴ» ተብሎ ይሞላል።

ይህ በጣም የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። ክምችቱን ከሩቅ የሚያይ ሰው ደሴ ተወክላለች ብሎ ያምናል። ሞዴሉ የወሎን ሰው ሳይሰማ ሲቀር ችግሩ ከየት እንደመጣ አይገባውም። ከወረቀቱ አይታይማ።

ልዩነቱ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ በሌላ አገር ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የአማዞንን፣ የአፕልን፣ የጉግልን፣ የአይቢኤምንና የማይክሮሶፍትን ንግግር አዋቂ ሲስተሞች ፈትሸው ነበር። በአማካይ ነጭ አሜሪካውያን ከተናገሩት መቶ ቃል 19 ያህሉን ሲሳሳቱ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን 35 ያህሉን ተሳሳቱ። ቋንቋው አንድ ነው፣ እንግሊዝኛ። የተለየው አነጋገሩ ነው። ያውም በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጠ ድምፅ በተሰበሰበበት ቋንቋ።

ወደ እኛ ስንመጣ ቋቱ ራሱ ትንሽ ነው። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ዊስፐር፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሞዴል፣ በ680,000 ሰዓት ድምፅ የተማረ ነው። ያም ሆኖ ባሳተሙት ሠንጠረዥ ላይ የአማርኛ የቃል ስህተቱ ከ100 በመቶ በላይ ነበር። እንዴት ከመቶ ያልፋል? ያልተባለ ቃል ሲጨምርም እንደ ስህተት ስለሚቆጠር ነው። ደግሞ አማርኛ ለዚህ ቆጠራ ይከብዳል። «አልነገረችኝም» የሚለውን «አልነገረችንም» ብሎ ከጻፈ አንድ ፊደል ነው የሳተው፤ ግን ሙሉ ቃል ተሳሳተ ይባላል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ብለህ ስትጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» ያልከው ከአገባቡ ነው የሚታወቀው። ማሽኑ ይህን ሁሉ የሚለምደው ከሰው የዕለት ወሬ ነው።

ታዲያ ደሴ ላይ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ድምፅ መሰብሰብ እንዴት ይሁን? ለእኔ ቁም ነገሩ ቀረጻውን ሳይሆን ጥናቱን ማስቀደም ነው። ማይክሮፎን ከመክፈት በፊት ይህን ማሽን ማን ያናግረዋል፣ የት ሆኖ፣ ምን ፈልጎ ብሎ መጠየቅ። ሰዎች ጋ ሄዶ ቁጭ ብሎ ማየት።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ገበሬዎች በስልክ የእርሻ ምክር የሚሰሙበት 8028 አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ነው የተጀመረው። ቁጥር እየተጫኑ የሚፈልጉትን ይመርጣሉ። ነገ ቁጥር መጫኑ ቀርቶ በቃል መጠየቅ ይቻል እንበል። የቃሉ ወረዳ ገበሬ ከማሳው ጥግ ቆሞ፣ ነፋስ እየነፈሰ፣ በተራ ስልክ «ማሽላዬን ትል ፈጀው፣ ምን ላርግ?» ይላል። ይህን ለመስማት የተዘጋጀ ማሽን ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ በተቀዳ ንባብ አይሠለጥንም። የስልክ መስመሩ ራሱ ድምፁን ያጠበዋል። በተለመደው የስልክ ጥሪ ከድምፁ በሰከንድ የሚወሰደው 8,000 ናሙና ነው፤ ለኤአይ የሚቀዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 16,000። ስለዚህ ለስልክ የሚሠራ ነገር በስልክም መቀዳት አለበት።

ሰው መምረጥ ላይ ብዙ ስህተት ይሠራል። መረጃ ሰብሳቢ የሚጠራው የሚያውቀውን ነው። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ጓደኞቼን፣ የጓደኞቼን ጓደኞች፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠራሁ። በሳምንቱ መጨረሻ ዝርዝሩን ሳየው አብዛኛው ከሠላሳ ዓመት በታች ወንድ ነው። ከተማሪዎቹ መሀል ደግሞ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ ብዙ ናቸው። ሁሉም «ደሴ» ተብለው ተመዝግበዋል። «የት ይኖራሉ?» ከማለት «የት አደጉ?» ማለት ይሻላል። «ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ታወራላችሁ?» የሚለውም መጠየቅ አለበት። እዚህ አካባቢ አማርኛውን ከኦሮምኛ፣ ከአርጎብኛ ወይም ከአፋርኛ ጋር ይዞ ያደገ ሰው ብዙ ነው፤ ያም አማርኛ የራሱ ዜማ አለው።

ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሰዓቱ ነው የሚወስነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች በፈረቃ ነው የሚገቡት። ጠዋት ከሦስት እስከ አሥራ አንድ ክፍት የሆነ ቀረጻ እነዚያን ልጆች አያገኛቸውም። የጅቡቲ መስመር ሾፌርም ሲያርፍ ነው የሚገኘው፤ ያን ጊዜ የሚፈልገው ምግብና እንቅልፍ ነው። ባለትዳር ሴቶችን ቤታቸው ሄዶ ሴት መረጃ ሰብሳቢ ብታናግራቸው ይቀላል። ቡና ተፈልቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ላይ ሲደረስ ጨዋታው ይደምቃል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የቡና ጨዋታ ላይ ሦስት ሰው በአንዴ ያወራል። ለእያንዳንዷ የየራሷ ትንሽ ማይክ ካልተደረገ የማን ድምፅ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ወዳጃ ላይ ግን መቅጃ ይዞ መግባት አይገባም። ያ ጸሎት ነው።

አጠያየቁ ከሁሉ ይበልጣል። «ስለ ጤና አንድ ነገር ይናገሩ» ሲባል ሰው ይደርቃል፤ ወይም የሬዲዮ ትምህርት ይደግማል። «ልጅዎን ሌሊት ትኩሳት ያዘው እንበል፤ ለሐኪሙ ምን ብለው ይነግሩታል?» ስትል ግን ይፈታል። «ተፒያሳ ቧንቧ ውሃ ለሚሄድ እንግዳ መንገዱን ይንገሩት» ብትል እጁ ሁሉ ይናገራል። እዚህ ጋ ጠያቂው ራሱ «ተ» ብሎ መጠየቁ ለውጥ ያመጣል። እንደ ቢሮ ሰው ካናገርከው እንደ ቢሮ ሰው ይመልስልሃል። ጥያቄው በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ቢሆን አክስቴም አትመለስም ነበር። ሥዕል ማሳየትም ይቻላል። አብዛኛው ሰው በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መላክ ለምዷል። «ለእህትህ እንደምትልከው አድርገህ ንገረኝ» ማለት ብቻውን ያንን የዜና አንባቢ ድምፅ ያስጥለዋል።

ስለ ጫጫታ ብዙ ይወራል። ባጃጁ፣ ወፍጮው፣ አዛኑ። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው የራሱን ድምፅም አይሰማ። ጥርት ያለ ድምፅ የሚፈለግበት ሥራ አለ፣ በተለይ ማሽኑ ራሱ እንዲናገር ሲሠራ። ለመስማት ግን መጠነኛ ጫጫታ የኑሮው አካል ነው። ከሁለቱም መቅዳት ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ፈቃድ ልምጣ፤ እዚህ ላይ መቸኮል አልፈልግም። የኛ ቅጽ ሁለት ገጽ ነበር፤ የሕግ አማርኛ። ብዙው ሰው ሳያነበው ፈረመ፤ እኛም «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ብለን አለፍን። ዛሬ ሳስበው ይከብደኛል። በ2014ቱ ጦርነት ብዙ ያየ ሕዝብ ነው። ስሙን፣ ስልኩን፣ ድምፁን ሲጠየቅ የሚጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም። አገሪቱ አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ ማለት ሰውየው በነጻነት፣ ምን እንደሆነ ገብቶት ሲሰጥ ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ቅጹ በሚገባው አማርኛ ይነገረው፤ ከዚያ «እስቲ ምን ነገርኩዎት?» ብሎ ማስደገም። መልሶ መናገር ካቃተው አልገባውም ማለት ነው።

እውነቱንም ሳይሸሽጉ መንገር ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 ሦስት ሰከንድ ድምፅ ሰምቶ የሰውየውን ድምፅ አስመስሎ የሚናገር ሞዴል አሳይቷል። ድምፅ መስጠት እንግዲህ እንደ ጣት አሻራ ነው። ክምችቱ ለሁሉም ክፍት ይሆናል ወይስ በአንድ ድርጅት እጅ ይቆያል? «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ አጥፉልኝ» የሚል ሰው ማንን ይጠራል? ፋይሉን ማጥፋት ይቻላል። ማሽኑ አንዴ ከተማረበት በኋላ ግን የአንድን ሰው ድምፅ ለይቶ ማውጣት በጣም ከባድ ነው። ይህ ከመቀዳቱ በፊት ይነገረዋል።

ክፍያውም የዚሁ አካል ነው። ብዙ ቦታ የሚከፈለው «ባለፈ ቅጂ» ልክ ነው። ድምፁ ከተጣለ ብር የለም። ይህ ሲታይ ትክክል ይመስላል። የሚጣለው የማን ድምፅ እንደሆነ ግን እዩ። ጥርሳቸው የወለቀ ሽማግሌ፣ ልጅ የሚያለቅስባት እናት፣ መንገድ ዳር ያለ ቤት የሚኖር ሰው። ያ ሁሉ ሰው ጊዜውን ሰጥቷል። ክፍያ ለጊዜው መሆን አለበት፤ የመጓጓዣም ጭምር። ቴሌብር ላለው በቴሌብር፣ ለሌለው በእጁ። በራሱ ስልክ እየቀዳ እንዲልክ ከተጠየቀ ደግሞ የኢንተርኔቱም ወጪ አለ። ያልታመቀ አንድ ሰዓት ድምፅ በሰከንድ በ16,000 ናሙና ሲቀዳ 115 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ያ ከሰውየው ኪስ መውጣት የለበትም።

የመጨረሻው ሥራ ጽሑፉ ነው፤ ብዙ ልፋት የሚበላሸውም እዚያ ነው። እንደልብ የተወራ ንግግር ቢቀዳ እንኳ ጸሐፊው ካላወቀበት የወሎ አማርኛ ወረቀት ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ጸሐፊው ደግ አስቦ «ያስተካክለዋል»። «ተደሴ»ን «ከደሴ» ያደርገዋል። «እንትን»ን ይሰርዛል። ማሽኑ ያን ጊዜ ይምታታበታል፤ ጆሮው «ተ» ይሰማል፣ ዓይኑ «ከ» ያያል። ስለዚህ ደንቡ ቀድሞ መወሰን አለበት፤ እንደተባለው ይጻፍ። «ፀሐይ» በየትኛው «ፀ»፣ በየትኛው «ሐ» ይጻፋል? «ኢንሻአላህ» አንድ ቃል ነው ሁለት? «ሃያ አምስት» በፊደል ነው በአኃዝ? በእነዚህ ላይ ካልተስማሙ ሁለት ጸሐፊዎች አንዱን ድምፅ ሁለት ዓይነት ይጽፉታል፤ ማሽኑም ትክክል ሆኖ ሳለ ተሳሳተ ይባላል። ጸሐፊዎቹ የአካባቢው ልጆች ቢሆኑ ደግሞ የሐረጎን መንገድና የቦርከናን ስም ሲሰሙ አይሳሳቱም።

ባለፈው ሰሞን ይህንኑ በትንሹ ሞከርኩት። አክስቴ ቤት ቡና ላይ ሄድኩ። ለምን እንደምቀዳት፣ ድምፁ ከስልኬ እንደማይወጣ ነገርኳት፤ መልሳ ነገረችኝ። ከዚያ «ወጣት ሳለሽ ባቲ ገበያ እንዴት ነበር የምትሄጂው?» አልኳት። ሰባት ደቂቃ ያህል አወራች። ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። በማግስቱ ያልጻፍኩት ነገር ካለ እንድትነግረኝ ወስጄ አነበብኩላት። ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና መሀል ላይ አስቆመችኝ።

«ከባቲ ስመለስ አላልኩም» አለች። «ተባቲ ነው ያልኩት።»

መልሼ ሰማሁት። እውነቷን ነው። አሥራ አንድ ቦታ ላይ ሳላውቀው ቀይሬዋለሁ። አንድ በአንድ አረምኩት።